ከባሕር መዝገብ እስከ እጅ ስልክ፦ የሕመምተኛ ቀጠሮ ታሪክ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መንገዶች

አንድ ሕመምተኛ ሐኪም ቤት ሲደርስ አስቀድሞ የሚያገኘው ሐኪሙን ሳይሆን መዝጋቢውን ነው። ስሙን የሚጠይቀው፣ ካርዱን የሚፈልግለት፣ «ግባ» ወይም «ለዛሬ ሞልቷል» የሚለው ይኸው በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው። ስለ ሕክምና ታሪካችን ሲጻፍ ግን ስለ ሆስፒታሎች የመሠረት ድንጋይና ስለ ስመ ጥር ሐኪሞች ብዙ ሲባል፣ ስለዚያ መስኮት የተባለው እጅግ ጥቂት ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች በኢንተርኔት ስለሚደረግ የሆስፒታል ቀጠሮ ምዝገባና ሕመምተኞች በዚህ አገልግሎት ስለሚያገኙት እርካታ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ መሣሪያው ለመጻፍ ነበር፤ ሙያዬ ወደዚያ ያደላልና። ነገሩን እያሰላሰልኩ በሄድኩ መጠን ግን መሣሪያው ከብዙ መሣሪያዎች የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አለመሆኑን፣ እርካታውም ሆነ ቅሬታው ከመሣሪያው በፊት የነበረ ታሪክ ያለው መሆኑን ተረዳሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ወደ ኋላ ሄዶ ይጀምራል። ቦታውንም በሦስት ከተሞች፣ ማለትም በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ወስኜዋለሁ። የቀጠሮ ዋጋ ጎልቶ የሚታየው ከሆስፒታሉ አጥር ሥር ለሚኖር ሰው ሳይሆን ሌሊት ተነሥቶ ለሚመጣ ሰው ነውና።

ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን ከበው በሦስት አውራ መንገዶች ላይ ይገኛሉ። ሰበታ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በሰሜን ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። ከዋና ከተማዋ መካከል ያላቸው ርቀት ከ15 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በካርታ ላይ ሲታይ ቅርብ ነው፤ በማለዳ ታክሲ ለሚጠብቅ፣ በተለይም ሕመምተኛ ደግፎ ለቆመ ሰው ግን ቅርብ አይደለም። በቡራዩ አጠገብ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ ከረጅም ዘመን ጀምሮ ውሃውን ወደ አዲስ አበባ ሲልክ ኖሯል፤ ሰዎቹም ለከፍተኛ ሕክምና ውሃው በሄደበት አቅጣጫ ሲሄዱ ኖረዋል። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ከተሞች በአዲሱ የሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለሉ። የአስተዳደሩ ወሰን ተለወጠ እንጂ የበሽተኛው መንገድ አልተለወጠም። የሰበታው በዓለም ገናና በአየር ጤና አድርጎ ይገባል፤ የቡራዩው በአስኮና በዊንጌት በኩል ይመጣል፤ የሱሉልታው ከእንጦጦ ወርዶ አዲሱ ገበያ ይደርሳል።

ወደ ሕክምናው ከመግባታችን በፊት ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «ቀጠሮ» የሚለው ቃል በአባቶቻችን ዘንድ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በችሎት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ዋስ ጠርተው ቀን ይቆርጣሉ፤ በተቆረጠው ቀን ያልቀረበ ሰው ይቀጣል፣ አልያም ይረታል። በዚህ አሠራር ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቀጠሮው ሁለቱንም ወገን የሚያስር መሆኑ ነው። የቀረ ሰው ማንም ይሁን ማን በቀረበት ነገር ይጠየቅበታል። ቃሉ ከችሎት ወጥቶ ወደ ሆስፒታል በገባ ጊዜ ግን አንደኛውን ወገን ብቻ ይዞ ገባ። ሕመምተኛው ቢቀር ቀጠሮው ይፈርስበታል፤ ሐኪሙ ስብሰባ ቢኖርበት ወይም የምርመራው መሣሪያ ቢበላሽ ግን የሚከፍለው ያው ሕመምተኛው ነው። በእኔ አስተያየት የሆስፒታል ምዝገባ ታሪክ ከዚህ ጉድለት ጋር የተደረገ የረጅም ጊዜ ትግል ነው ለማለት ይቻላል። በኢንተርኔት መመዝገብም የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው።

በአድዋ ጦርነት ማግስት፣ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ አዲስ አበባ ገብቶ በሽተኞችን ማከም እንደጀመረ ይታወቃል፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ታሪክም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1940 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ለጤና ጣቢያዎች የሚሆኑ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በተለይ ለድሆች እንዲያገለግል ተብሎ ተሠራ፤ ጥቂት ቆይቶም ዛሬ ጥቁር አንበሳ የምንለው ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። ቅዱስ ጳውሎስ ከቡራዩ በሚመጣው መንገድ አቅጣጫ በመገኘቱ ለዚያ አገር ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ቀዳሚው በር ነው።

በእነዚህ ሁሉ ቤቶች የምዝገባው መሣሪያ ሁለት ነበር፦ ባሕር መዝገብና ካርድ። ባሕር መዝገቡ ማን በስንት ቀን እንደ መጣ ይይዛል፤ ካርዱ ደግሞ የሰውዬውን ሕመምና መድኃኒት ይይዛል። ሁለቱን የሚያገናኝ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩም በአንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ ተጽፎ ለሕመምተኛው ይሰጣል። ወረቀቷ በዝናብ ብትርስ፣ በልብስ ኪስ ውስጥ ብትታጠብ፣ ወይም ሕመምተኛው በለቅሶ ምክንያት አገር ቤት ሄዶ ቢረሳት፣ ካርዱ በመደርደሪያው ላይ ቢኖርም የለም ማለት ነው። «ካርድህ ጠፍቷል፤ ሌላ አውጣ» የሚለውን ቃል ያልሰማ የዕድሜ እኩያዬ ያለ አይመስለኝም። አንድ ሰው በአንድ ሆስፒታል ሦስትና አራት ካርድ ያለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሐኪሙም ያንኑ ሰው በየጊዜው እንደ አዲስ ይመረምረዋል።

ስምም ራሱን የቻለ ችግር አለው። በእኛ ባህል የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ካርድን በፊደል ተራ ለማስቀመጥ የሞከረ መዝጋቢ «ኃይሉ»ን በየትኛው ሀ እንደሚያገኘው ሲቸገር ይውላል። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኦሮሚያ የመንግሥት ሥራ በቁቤ ሲጻፍ፣ የሰበታዋ ጫልቱ በጤና ጣቢያዋ በአንድ ዓይነት የላቲን አጻጻፍ፣ በአዲስ አበባ ሆስፒታል በአማርኛ ፊደል ወይም በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ትመዘገባለች። ሰውዬዋ አንዲት ናት፤ በመዝገብ ግን ሦስት ናት። ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም፤ አሜሪካኖች ስምን በፊደሉ ሳይሆን በድምፁ የሚያወጣ የመዝገብ ስልት ፈልስፈው እ.ኤ.አ. በ1918 የባለቤትነት መብት ተሰጥቶበታል። ይሁን እንጂ ስልቱ ለእንግሊዝኛ ድምፅ የተሠራ ነውና ጨ እና ቸን፣ ቀ እና ከን አይለይልንም።

ከዚህ ሁሉ ግርግር መካከል አንድ ቦታ ላይ ቀጠሮ በትክክል ሲሠራ እናያለን። ይህም ቦታ በሰበታ መንገድ ላይ ነው።

በዘነበወርቅ ሠፈር ቀድሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከሙበት በነበረው ቦታ፣ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና የተሐድሶ ድርጅት ተመሠረተ። ሥጋ ደዌ በአንድ ቀን ሕክምና የሚለቅ በሽታ አይደለም። ሕመምተኛው ለዓመታት መመላለስ ነበረበት፤ ያቋረጠ እንደሆነ ጉዳቱ በራሱ ጣቶችና ዓይኖች ላይ ይታይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 የመድኃኒቶች ጥምር ሕክምና እንዲሰጥ ባሳሰበ ጊዜ፣ የሕክምናው ሥርዓት በ28 ቀን የተከፈለ ሆነ። በየ28 ቀኑ ሕመምተኛው መጥቶ የወሩን ዋና መድኃኒት በጤና ባለሙያ ፊት ይውጣል፤ የቀረውን የ27 ቀን መድኃኒት ይዞ ይሄዳል። ሕመሙ ቀላል ለሆነ ሰው 6 ጊዜ፣ ለከበደበት ደግሞ በዚያን ጊዜ ቢያንስ 24 ጊዜ ይህ ይደረግ ነበር።

እንግዲህ እንደ መሐንዲስ ይህን አሠራር ስመለከተው የማደንቀው መድኃኒቱን ብቻ አይደለም። የቀጠሮው መዝገብ የተሠራበት መንገድ ከዛሬው የኮምፒውተር ሰሌዳ ብዙ የሚያንስ አይመስለኝም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ 28 ቀን አንድ ባዶ ሣጥን አለ። ሣጥኑ ካልተሞላ ባዶነቱ በራሱ ይናገራል፤ መዝጋቢው «ማን መጣ?» ብቻ ሳይሆን «ማን ቀረ?» ለሚለውም መልስ አለው። የቀረው ሰው ታውቆ ይፈለጋል። ከዚህም በላይ 28 ቀን ማለት አራት ሳምንት ነው፤ በማክሰኞ የጀመረ ሰው ሁልጊዜ በማክሰኞ ይመጣል። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን፣ የፈረንጅ ወር ከ28 እስከ 31 ቀን መሆኑ፣ ጳጉሜን በመካከል መግባቷ ነገሩን አያናጋውም። የሳምንቱን ቀን የሚያውቅ ገበሬ ካላንደር አያስፈልገውም፤ ገበያውም የሚውለው በሳምንቱ ቀን ነው።

በችሎት የነበረው የሁለት ወገን እስር በዚህ ቦታ ተመልሶ የመጣ ይመስለኛል። ሕመምተኛው ሊመጣ፣ ድርጅቱ ደግሞ መድኃኒቱን ይዞ ሊጠብቅና የቀረውን ሊፈልግ ተሳስረዋል። ተመሳሳይ ነገር በኋላ በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ ከዚያም ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር ታይቷል። መድኃኒቱ ሳይቋረጥ በየቀኑ የሚወሰድ በመሆኑ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቁጥር፣ የራሱ የቀጠሮ ቀን፣ ሲቀርም የሚፈልገው ሰው ያስፈልገው ነበር። ስማርትኬር የተባለው የኤሌክትሮኒክ የሕክምና መዝገብ ከዛምቢያ ተወስዶና ለአገራችን ተስተካክሎ በቱሌን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ወደ ሆስፒታሎቻችን የገባው ከዚህ ዘመን በኋላ ነው። እንግዲህ ኮምፒውተር ከቀጠሮ ጋር የተዋወቀው ቀጠሮ አስቀድሞ በወረቀት በተከበረበት ክፍል አካባቢ ነበር። በሌላው የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ግን ያ የወረቀት ሥርዓት ገና አልነበረም።

ይህንን ለመጠገን የተደረገው ትልቅ ሙከራ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው የሆስፒታሎች አስተዳደርና የጤና መረጃ ሥርዓት ማሻሻያ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የማይለወጥ የካርድ ቁጥር፣ አንድ ማኅደርና የስሞች ማውጫ እንዲኖር ተደረገ። ካርድ ከመደርደሪያው ሲወጣ በቦታው የት እንደሄደ የሚናገር ምልክት እንዲተካ ታዘዘ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ በካርድ ክፍል ውስጥ ለዓመታት የሠራ ሰው ግን ትርጉሙን ያውቀዋል። ከዚሁ ጋር ሆስፒታሎች የሚመዘኑባቸው መለኪያዎች ወጡ፤ ከነዚህም አንዱ ተመላላሽ ሕመምተኛ እስኪታይ የሚጠብቀው ጊዜ፣ ሌላው የሕመምተኛው እርካታ ነበር። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ተፈትኖ የተዘጋጀ አጭር መጠይቅም እ.ኤ.አ. በ2011 ለዓለም አቀፍ አንባቢ ታትሟል።

እርካታን መለካት መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። መጠይቁ የሚቀርበው ለማን ነው? ታክሞ ለሚወጣው ሰው ነው። በመስኮቱ «ሞልቷል» ተብሎ ወደ ሰበታ የተመለሰው ሰው በመጠይቁ ውስጥ የለም። ከሐኪሙ ዘንድ የደረሰ ሕመምተኛ ደግሞ ስድስት ሰዓት ቢጠብቅም እንኳ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ደኅና ነው» ይላል፤ ምክንያቱም ነገ ተመልሶ ይመጣል፣ አመስጋኝነትም ባህሉ ነው። የኢንተርኔት ምዝገባ እርካታን የሚለካ ሰውም ከዚህ ወጥመድ አይድንም። የሚጠይቀው በስልኩ መመዝገብ የቻለውን ሰው ነውና። ያልቻለው አልተመዘገበም፤ ስላልተመዘገበም አልተጠየቀም።

የወረፋ ነገር በሌላው ዓለም እንዴት እንደታየ ጥቂት ማንሣት ይጠቅማል። የወረፋን ስሌት እንደ ሳይንስ የጀመረው ዴንማርካዊው ኤርላንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1909 በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ውስጥ ስልክ ደዋዮች ስንት እንደሚጠብቁ አሰላ። ይህንን መንገድ ወደ ሆስፒታል ያመጣው እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኖርማን ቤይሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጣው ጥናት፣ ሕመምተኞች ሁሉ በአንድ ሰዓት እንዲመጡ የሚደረገው ሐኪሙ አንዲት ደቂቃ እንኳ ሥራ እንዳይፈታ ታስቦ መሆኑን፣ በዚህም የሕመምተኛው ጊዜ ዋጋ እንደሌለው መቆጠሩን አመለከተ። ያቀረበው መፍትሔ ቀላል ነበር፦ በመጀመሪያው ሰዓት ሁለት ሰው ጥራ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ምርመራ በሚፈጀው ጊዜ ልክ እየለያየህ አንድ አንድ ሰው ጥራ።

አባላት ሁላችን ቁጥር እንወዳለንና ነገሩን በምሳሌ ላስላው። አንድ ሐኪም በአንድ ቀን 40 ሰው ያያል፤ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ይወስዳል እንበል። አርባዎቹም ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ቢመጡ፣ የመጀመሪያው ምንም አይጠብቅም፤ የመጨረሻው ከሥራ ሰዓት 390 ደቂቃ ይጠብቃል፤ የሁሉም አማካይ 195 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ከሩብ ነው። በአርባ ሰው ሲባዛ 130 ሰዓት ይሆናል። ይህ የአንድ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ነው፤ በአንድ የምርመራ ክፍል በር ላይ በአንድ ቀን ብቻ ይባክናል። ሰዓቱ ተከፋፍሎ ቢሰጥ ግን የሐኪሙ ሥራ ሳይቀነስ አብዛኛው ይቀራል። እንግዲህ በኢንተርኔት የሚመዘገብ ሥርዓት ለአርባውም ሰው «ጠዋት» የሚል አንድ ቃል ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ወረፋውን ከመስኮቱ ወደ ምርመራ ክፍሉ በር አዛወረው እንጂ አላሳጠረውም።

ቻይናውያን በቤጂንግ በ2011 እ.ኤ.አ. የተባበረ የቀጠሮ መድረክ በስልክና በኢንተርኔት ከፍተዋል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ አንዲት ሴት በዚያች ከተማ ሆስፒታል ውስጥ የ300 ዩዋን ተራ ቁጥር በ4,500 ዩዋን ተጠየቅሁ ስትል በቪዲዮ ተቀርጻ አገር ተንጫጫ። መድረክ መከፈቱ ብቻውን የወረፋ ነጋዴን አያጠፋም ማለት ነው። ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የእንግሊዞች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመሩት «ምረጥና ያዝ» የተባለ ሥርዓት ሕመምተኛው ገና ከሠፈሩ ሐኪም ዘንድ ሳለ የሆስፒታሉን ቀን የሚይዝበት ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ 205,000 ቀጠሮ እንዲያዝበት ታቅዶ፣ የመንግሥቱ ዋና ኦዲተር ሲቆጥር የተገኘው 63 ብቻ ነበር። ሥርዓቱ ቀስ በቀስ ተሻሻለና እ.ኤ.አ. በ2015 በሌላ ተተካ፤ ዋናው ሐሳብ ግን ሳይለወጥ ቆየ። ሐሳቡም ቀጠሮ የሚያዘው ሕመምተኛው ባለበት ቦታ፣ በላኪው እጅ ነው የሚል ነው።

በአገራችን የጤና አደረጃጀት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ አንድ ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ አንድ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። ሕመምተኛው ከጤና ጣቢያ ወረቀት ተጽፎለት ደረጃ በደረጃ መሄድ አለበት፤ የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው ደግሞ ያለ መላኪያው ወረቀት መብቱ አይጠበቅለትም። ስለዚህ የሱሉልታ ሰው አንድ ጊዜ በጤና ጣቢያው ወረፋ ይይዛል፤ ወረቀቱን ተቀብሎ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ እዚያም ቀን ለማስቆረጥ ብቻ ሌላ ወረፋ ይይዛል፤ ከዚያ ተመልሶ በቀጠሮው ቀን እንደገና ይሄዳል። በኢንተርኔት መመዝገብ ይህን የመካከሉን ጉዞ ማስቀረት ይችላል። ለከተማው ሰው የአንድ ሰዓት ጥቅም የሆነው ነገር ለእነዚህ ከተሞች ሰው የሙሉ ቀን፣ ለቀን ሠራተኛም የሙሉ ቀን ደመወዝ ጥቅም ነው። በዚህ ረገድ ቅሬታ የለኝም፤ ይልቁንም ለምን ዘገየ እላለሁ።

መሠረቱም ቀስ በቀስ ተጥሏል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቴሌብር ገንዘብ መላክ ሲቻል፣ ተራ ስልክ የያዘ ሰው በጥቂት ቁጥሮች ብቻ ከባድ ሥራ መሥራት እንደሚችል ታይቷል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ የምንለው፣ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጣል፤ ጫልቱ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ብትጻፍም ቁጥሯ አንድ ይሆናል ማለት ነው። ህንዶችም እ.ኤ.አ. በ2015 የሆስፒታል ምዝገባቸውን ከብሔራዊ መታወቂያቸው ጋር አያይዘው ጀምረዋል። ጉድለቱ ያለው ከመሠረቱ በላይ፣ ሰውና መልእክቱ በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ይህንን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ስለተማርኩት ላውጋው።

አንድ አጎት አለኝ፤ ሱሉልታ ነዋሪ ነው። ሽንት ለመሽናት ሲቸገር ቆይቶ ከጤና ጣቢያ ወረቀት ተጻፈለትና አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ተላከ። ሆስፒታሉ በኢንተርኔት ይመዘግባል ስለተባለ እኔ ተቀምጬ ሞላሁለት። የልደት ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ጠየቀኝ፤ እሱ የሚያውቀው በጥምቀት ሰሞን መወለዱን ነው፤ እንደ ምንም ብዬ አንድ ቀን ጻፍኩ። ቀኑ ተቆረጠ፤ አጭር መልእክት መጣ፤ መልእክቱንም ወደ እሱ ስልክ አስተላለፍኩ። ቁጥሩ «9:00» ይላል። ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ በቃል ነገርኩት፤ ሰዓቱን ግን «መልእክቱ ላይ አለ» ብዬ ዝም አልኩ።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሆስፒታሉ በር ቆሜ ጠበቅሁት። አልመጣም። ብደውል ገና ከብቶቹን እያሰማራ ነው። «ጋሼ፣ ምነው ቀጠሮው?» ብለው፣ «ዘጠኝ ሰዓት አይደል የሚለው? ምን አቻኮለህ ልጄ?» አለኝ። አነጋገሩ ውስጥ ምንም ስሕተት አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ማለት ለእሱም፣ ለእኔም፣ ለመዝጋቢውም በቤታችን የምናውቀው ከቀትር በኋላ ያለው ዘጠኝ ነው። መዝጋቢውን ለመንኩት፤ ትሑት ወጣት ነበር፤ «ሲስተሙ ዘግቶታል፤ እንደ አዲስ ይመዝገቡ» አለኝ። አዲሱ ቀን ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ነበር። አጎቴ ያንን ወር ተኩል በምን ሁኔታ እንዳሳለፈው እኔ አውቃለሁ፤ በዚህ መካከል አንድ ሌሊት ሽንቱ ፈጽሞ ተዘግቶበት በቱቦ አስወጥተውለታል።

ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር ይህን ሳነሣ ብዙዎቹ «የትርጉም ችግር ነው» ይላሉ። እኔ ግን የትርጉም ብቻ አይመስለኝም። ሰዓታችን ከንጋት ይጀምራል፣ ዓመታችን 13 ወር አለው፤ ይህን በፕሮግራም ውስጥ ማስገባት ለአንድ ጀማሪ ባለሙያ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ያልተሠራው ከባድ ስለሆነ ሳይሆን፣ ሥርዓቱ ሲነደፍ ከጠረጴዛው ዙሪያ ከብቶቹን አሰማርቶ የሚመጣ ሰው ስላልታሰበ ነው። በዘነበወርቅ የ28 ቀኑን ሣጥን የሠሩት ሰዎች ግን ሕመምተኛውን አስቀድመው አስበው ነበር። በዚያ መዝገብ ላይ አጎቴ ያልቀረበበት ሣጥን ባዶ ሆኖ ይታይ፣ አንድ ሰውም ይፈልገው ነበር። በዚህኛው ላይ ግን ሣጥኑ ራሱን ዘጋ።

ለሁለተኛው ቀጠሮ የሱሉልታ ጤና ጣቢያ ባልደረባ የሆነች ነርስ መልእክቱን ከስልኩ ላይ አንብባ፣ በመላኪያው ወረቀት ጀርባ ላይ በእጇ «ጠዋት 3 ሰዓት» ብላ ከነቀኑ ጻፈችለት። አጎቴ ወረቀቱን አጥፎ ከጥምቀት ልብሱ ኪስ ውስጥ አስቀመጠ። በዋዜማው ማታ ደወለልኝ። ሌሊት 10 ሰዓት እንደሚነሣ፣ አዲሱ ገበያ ላይ እንድጠብቀው ነገረኝና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «እኔስ እመጣለሁ፤ ባልመጣ ቀኔን እንደማጣ አይቻለሁ። ሐኪሙስ ባይመጣ ማን ይነግረኛል?»

መልእክቱ ወደ መጣበት ቁጥር ደወልኩ። ቁጥሩ ጥሪ አይቀበልም።